የእንደሻው ባሕር

አልቃሿ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የሸዋ በሩ ጌታ፣ የመስተዋት ባለሙያ» ስትል፣ ሙሉነሽ ከፍራሹ ላይ ብድግ አለች። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች ደረቷን ልትደቃ መስሏቸው እጇን ለመያዝ ተንጠራሩ። እሷ ግን አልጮኸችም። አንገቷን ወደ ጓዳው አዘንብላ ታዳምጥ ነበር።

«ቆመ» አለች።

«ምኑ ነው የቆመው እትዬ?» አለች አስቴር፣ የባሏ የእህት ልጅ።

«ድምፁ።»

መብራት ጠፍቷል። ከቀትር በኋላ የተነሣው ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በሐኪም ጋራ በኩል የመብራት እንጨት ሳይጥል አልቀረም። ገና ቀን ስለ ነበር ግን ከእሷ በቀር መጥፋቱን ልብ ያለ አልነበረም።

ከጓዳው ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን እንደ ንብ የምታጉረመርም ትንሽ የአየር ፓምፕ ነበረች። ሙሉነሽ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ ስትረግመው ኖራለች። ባሏ እንደሻው ደረቱን ይዞ በሸዋ በር ባለው ሱቁ ደጃፍ ሲወድቅ፣ አስከሬኑ ሲታጠብ፣ ከቀብር ሲመለሱ ድምፁ አልተቋረጠም። አሁን ዝም ሲል ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ትንፋሹ የቆመ መሰላት። ባሏ መሞቱ፣ ቀብራው ከመጣች በኋላ፣ ገና አሁን ገባት።

ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ሄዳ በሩን ገፋችው። ያ ክፍል ከተሠራ ጀምሮ ደፉን ተሻግራ አታውቅም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ በቀለ የሚባል። አባቱ መስተዋት ሲቆርጥ፣ መስኮት ሲገጥም ከሥሩ ሳይለይ ነው ያደገው። ሙያውን ይወርሳል ሲባል፣ አንድ ቀን ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ወረደና ከአንድ የመናዊ ነጋዴ ጀልባ ላይ ሥራ ያዘ። «እማዬ፣ ባሕር ያላየ ሰው ገና አልተወለደም» ብሎ በሰው ላከባት። ዓመት ሳይሞላ ጀልባዋ ወደ ታጁራ ስትሻገር ማዕበል ገለበጣት። ዋኝተው የወጡ ነበሩ። በቀለ አልወጣም።

እንደሻው ልጁን ሊፈልግ ወረደ። ሙሉነሽ ሕያው ሆኖ ባይመለስ እንኳ አጽሙን ያመጣልኛል፣ ከእናት አባቴ ጎን እቀብረዋለሁ ብላ ጠበቀች። ሰንብቶ ሲመለስ ከመኪና ያወረደው በርሜል የባሕር ውኃና በውኃው ውስጥ የተነከረ ድንጋይ ነበር።

«ልጄን አምጣልኝ ብዬ ብልከው ውኃ ይዞልኝ መጣ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ ካሉት ቤቶች ድረስ ተሰማ።

እንደሻው ለውኃው የመስተዋት ገንዳ መሥራት ጀመረ። ብረት በየደ፣ ወፍራም መስተዋት ቆረጠ፣ በስቱኮ ደፈነ፣ ጨው ብረቱን እንዳይበላው ካትራሜ ቀባው። መጀመሪያ አፈሰሰበት፤ እንደገና ሠራው። ውኃው ሸተተ፣ ዓሣዎቹ አለቁ፤ እንደገና አስመጣ። ዩሱፍ የሚባል ጫት ነጋዴ ወዳጅ ነበረው። ጫቱን ይዞ ጅቡቲ ይወርድና ሲመለስ ጄሪካን ሙሉ ውኃ፣ አንዳንዴም በባልዲ ዓሣ ይዞለት ይመጣል። የአየር ፓምፗንም አገሩ ከሚገባ አንድ ፈረንሳዊ ያገኘለት እሱ ነው።

ሙሉነሽ ባየችው ነገር በሩ ላይ ቆማ ቀረች። በሐሳቧ ስታየው የኖረችው ጥቁር ውኃ ነበር። ከፊቷ ያለው ግን ጥቁር አልነበረም። ድንጋዩ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ቅርንጫፍ በቅሏል። ከቅርንጫፎቹ መካከል ጣት የመሰለ ለስላሳ ነገር ይወዛወዛል። ዓሣዎቹ ግን ከታች አልነበሩም። ቢጫውም፣ ሰማያዊውም፣ ነጭ መቀነት የታጠቀውም፣ ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። አላየችም እንጂ ሰምታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር እንደሻው ውኃውን በጣሳ ይቀዳና ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈስሰው ነበር፤ ውኃው ከላይ ሲወርድ አየር ይዞ እንዲገባ። እሷ ጓዳ ሆና የዚያን ውኃ ድምፅ ስትሰማ «ያበደ ሰው ጨዋታ» ትል ነበር።

ባለ እጀታውን ጣሳ ከምስማሩ ላይ አወረደችው። እጇ ውኃውን እንዳይነካ እየተጠነቀቀች ቀዳች፤ አንሥታ አፈሰሰች። ቀዳች፤ አፈሰሰች።

«ሙሉነሽ! ምን ሆነሻል?» አለ ገብረመድኅን ከኋላዋ። የእንደሻው ታላቅ ወንድም ነው፤ ለቅሶውን የሚያስተናብረውም እሱ ነበር። «ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥቶ ሥራ ይሠራል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

«ጠዋት ይደፋ አላልሽም?»

እውነቱን ነው፤ ብላለች። ነገ ሠልስት ነው፣ ከገጠር የሚመጣው ዘመድ ማረፊያ ይፈልጋል፣ ሰውም በዚህ ነገር ጥሩ አያወራም፣ ውቃቢ ነው የሚልም አለ ሲላት፣ «ይደፋ፤ እስከ ዛሬ የቆየውም ለእሱ ስል ነው» ብላው ነበር።

«ብያለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ በገዛ እጁ ሊሞትልሽ ሲል ምን አስጨነቀሽ?»

ጣሳውን አላቆመችም።

«ውኃ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት የሚሞት ነገር ቆሜ አላይም» አለች።

ገብረመድኅን ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ከዚያ የወንድሙ ልጅ ትዝ አለው መሰል፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ክንዷ ዛለ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አንድ እጅ መጥቶ ጣሳውን ያዘላት። ዘቢባ ነበረች። ከግንቡ ወዲያ የምትኖር የዘመናት ጎረቤቷ ናት፤ ለለቀስተኛው ምግብ ይዛ መጥታ ነው የሰማችው።

«ወዲህ በይው። ቢስሚላህ» አለችና ማፍሰሱን ቀጠለች። «ከፍ ላድርገው ወይስ ዝቅ?»

«ከፍ አድርጊው። እሱ ከፍ ነበር የሚያደርገው።»

ዘቢባ ጥቂት ካፈሰሰች በኋላ ወደ መስተዋቱ ጎንበስ አለች። «ሱብሃነላህ! ይኼ ቅርንጫፍ መርጃን አይደለም እንዴ?» ባዶ እጇን ወደ አንገቷ ወስዳ ቀዩን የመርጃን ጨሌዋን ነካች። «ከእናቴ የወረስኩት ነው። ዕድሜ ልኬን ድንጋይ ነው ስል፤ ለካ ነፍስ ያለው ነገር ኖሯል!»

«ነፍስ እንዳለው በምን አወቅሽ?»

«ተመልከቺው። ውኃው ሲወርድበት እንደ ልጅ ዓይን ጭፍን ይላል።»

ሙሉነሽ አየችው። እውነትም ይጨፈናል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፈራ ተባ እያለ ይገለጣል። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። አንዷ አማተበች፤ አንዷ «እንዴት ያምራል» ብላ በጓደኛዋ ክርን ተጎሸመች። አልቃሿም ሙሾዋን ትታ መጥታ ቆማ ነበር። ከዘቢባ አስቴር ተቀበለች፣ ከአስቴር ሙሉነሽ።

ስታፈስስ የባሏ ድምፅ እየመጣ ጆሮዋን ያዘው። እንደሻው ቁጣ አያውቅም ነበር። ማታ ማታ ከሱቅ ሲመለስ ከዚህ ክፍል ውስጥ ሆኖ ይጠራታል። «ሙሌ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነይና እዪው። ካየሽው በኋላ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ልጄን የበላ ባሕር ቤቴ አስገብተህ ነይ እዪው ትለኛለህ?»

በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ሰንበት ብሎ ደግሞ ይጠራታል። ለመጨረሻ ጊዜ የጠራት ባለፈው ፋሲካ ነበር። አክፋይ ይዞ የመጣው ሁሉ ወጥቶ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ እንደ ልጅ በሩን ይዞ «ዛሬ እንኳ» አላት። እሷም ስትቋጥረው የኖረችውን አወጣችው። «አንተ ከዓሣ ጋር ስትጫወት እኔ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። ልጁ የእኔ ብቻ ነበር እንዴ?»

እንደሻው ቀና ብሎ አያት። በዓመት በዓል ሱቁን ሊከፍት ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠርቷት አያውቅም።

ሊመሽ ሲል መብራት መጣ። ፓምፗ አንዴ ተንገራግጣ ማጉረምረም ጀመረች፤ ከታች የአየር አረፋ እየተከታተለ ወጣ። ዓሣዎቹ ቀስ በቀስ ወረዱ። «ተመስገን» አለች አስቴር። ወዲያው ደግሞ በለቅሶ ቤት ደስ ማለቷ አሳፈራትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሙሉነሽ ወደ ፍራሿ ተመለሰች። ስለ መድፋቱ ጉዳይ ያን ማታ ያነሣ ሰው የለም።

በሠልስቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመልሰው እህል እየቀረበ ሳለ፣ ዩሱፍ መጣ። ጋሪ ላይ የጫናቸውን ጄሪካኖች ከፈረስ መጋላ ገበያ ጀምሮ አጅቦ፣ ገና ከሩቅ «እንደሻው! የዛሬው ውኃ እንደ መስተዋትህ ነው!» እያለ ነበር። የዕድሩን ድንኳን ሲያይ ቆመ።

«ማን ነው?» አለ በር ላይ ያገኘውን ሰው።

ሲነገረው በእጁ የያዘው ጄሪካን ጭቃው ላይ ወደቀ። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና እዚያው ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ገብረመድኅን ወጥቶ ትከሻውን ነካው። «እግዜር ያጽናህ። ውኃውን ግን መልሰው ወንድሜ፤ ከእንግዲህ የሚፈልገው የለም።»

«ይግባ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ሙሉነሽ ነበረች። «ውኃውንም ያስገባ።»

ዩሱፍ ጫማውን አውልቆ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባ። ሙሉነሽ ተከትላው ገባች። ሁለቱም መስተዋቱ ፊት ቆሙ።

«አላህ ያጽናዎት እትዬ ሙሉነሽ። እኔ ዛሬ ወዳጅ ብቻ አይደለም፣ ወንድም ነው ያጣሁት» አለ ዩሱፍ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ።

«ዩሱፍ፣ ካየሽው በኋላ የምነግርሽ ነገር አለ ይለኝ ነበር። አላየሁለትም። ምን እንደ ነበር ታውቃለህ?»

«በራሱ አፍ ሊነግርዎት ነበር የሚፈልገው።»

«አፉን አፈር በላው እኮ!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተ ንገረኝ እንጂ።»

ዩሱፍ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያን ጊዜ ጅቡቲ አብሬው ነበርኩ። ሲነጋ ባሕሩ ዳር ይቀመጣል፣ እስኪመሽ አይነሣም። እህል አይቀምስም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አዘነለትና በታንኳው ይዞን ወጣ፤ ጀልባዋ ወደ ሰጠመችበት። ሥሩ መስተዋት የሆነ ባልዲ ነበረው። ውኃው ላይ አስቀመጠና 'ከታች ተመልከት' አለው። ሟቹ መርሁም ፊቱን ባልዲው ውስጥ ከትቶ ቆየ፣ ቆየ። የሚያለቅስ መስሎኝ ጀርባውን ይዤው ነበር። ቀና ሲል ምን አለኝ መሰልዎት?»

«ምን አለህ?»

«'ዩሱፍ፣ ጨለማ አይደለም' አለኝ። 'እናቱ ልጄ ጨለማ ውስጥ ቀረ ብላ ነው የምታነባው። ጨለማ አይደለም። ብርሃን አለው፣ አበባ አለው፣ የሚጫወት አለው። ነግሬያት አታምነኝም። ወስጄ ላሳያት' አለ። ስምንት ዓመት ያመላለስኩት ውኃ ለዚያ ነው እትዬ። እሱ ሞኝ አልነበረም፤ ልጁ እንደማይመለስ ያውቃል።»

ሙሉነሽ የመስተዋቱን ጠርዝ ያዘች። ልጄ ጨለማ ውስጥ ቀረ ብላ ያለቀሰችባቸው ምሽቶች ስንት ናቸው? ጀርባውን አዙሮ የተኛው ባሏ እያንዳንዱን ቃል ይሰማ ኖሯል። እሷ የማያለቅስ ሰው ነው ብላ ነበር።

የጠዋቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ውኃውን እስከ ወለሉ አብርታው ነበር። ነጭ መቀነት የታጠቀው ዓሣ ከሚወዛወዙት ለስላሳ ጣቶች መካከል ብቅ ይልና ተመልሶ ይገባል። ተኝቶ እንደሚነሣ ልጅ ይገላበጥባቸዋል። ሙሉነሽ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። እንባዋ ሲወርድም አልጠረገችውም።

«እትዬ» አለ ዩሱፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዱ መርጃን ወድቋል፤ ያውና ጥግ ላይ። ውኃ ስታፈስሱ ገፍታችሁት ይሆናል። በፊቱ ነው የተደፋው። እንዲህ ከዋለ ይሞታል።»

«አንሣዋ ታዲያ።»

«እኔ? ጫት ሳገላብጥ ባደረ እጄ? እሱ አንድ ቀንም አስነክቶኝ አያውቅም። ንጹሕ እጅ ነው የሚፈልገው።»

ከድንኳኑ በኩል ገብረመድኅን ሲጠራት ተሰማ። ካህኑ ሊያሳርጉ ነው፣ ሐዘንተኛዋ የት ሄደች ይላል። ሙሉነሽ ግን የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ጠቀለለች። ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ እጇን ባሕሩ ውስጥ ከተተች።

ይቀዘቅዛል ብላ ነበር። ውኃው ለብ ያለ ነበር።

ሥሩን በሁለት ጣቷ ዳስሳ መርጃኑን ያዘችው። በእንቅልፉ የተንሸራተተ ልጅ ራስ እንደምታቀና ሁሉ፣ በቀስታ ፊቱን ወደ ብርሃኑ መለሰችና ከድንጋዩ ላይ አስደገፈችው።

«ቆመ» አለ ዩሱፍ። «በቃ፣ ያውጡት እትዬ፤ ካህኑ እየጠበቁ ነው።»

ሙሉነሽ ክንዷን ከውኃው አላወጣችም።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።