ጋሽ ብርሃነን ያሳማቸው ክኒን

«መጠጡ ነው የጨረሳቸው፤» አሉ እትዬ ሀብትነሽ ንፍሯቸውን እያኘኩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ሻይ ታድል የነበረችው መርሃዊት ሰማች። አባቷ ጋሽ ብርሃነ ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። የካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ ጎረቤቱ ቢበታተንም ከለቅሶው የቀረ የለም፤ ሐሜቱም አብሮ መጥቷል።

ጋሽ ብርሃነ ጠላ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። ያንገዳገዳቸው የፓርኪንሰን መድኃኒት ነበር። ክኒኑን ካልዋጡ እንደ ግንድ ይደርቃሉ፤ ሸሚዛቸውን የምትቆልፍላቸው መርሃዊት ነበረች። ሲውጡት ይራመዳሉ፤ ግን አንገትና ትከሻቸው አልታዘዝ ብሎ ይወዛወዛል። ሌላ መድኃኒት ቢጨመርላቸው የሌለ ሰው ማየት ጀመሩና ቀረ።

«መጠኑን ብንቀንሰው መወዛወዙ ይተውዎታል፤ እግርዎ ግን ይተሳሰራል፤» አለቻቸው ሐኪማቸው። «ምርጫው የእርስዎ ነው።»

«ተኝቼ ከሚታዘንልኝ ቆሜ ልታማ፤» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው ደግሞ፣ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ቆመው ታሙ። እየተወዛወዙ የዕድር ስብሰባ ቢገቡ የዕድሩ አባል ጋሽ ገብረዋህድ በሰው ፊት ተነስተው፣ «ሰካራም ዳኛ አይሆነንም» ብለው ከዕድሩ ዳኝነት አስወረዷቸው። መርሃዊት ቃሏን ጠብቃ ለማንም አልተናገረችም።

አሁንስ በቃ። ዝም ያሰኟት አባቷ ከአፈር በታች ናቸው፤ ስማቸው ግን እዚሁ እየጎደፈ ነው። የሻይ ትሪውን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ አባዬ ጠጥቶ አያውቅም!» አለች ጮክ ብላ። «ፓርኪንሰን ነበረበት። ያወዛወዘው መድኃኒቱ ነው። እናንተ ግን ሰካራም ብላችሁ አወረዳችሁት!»

ዓይኗ ጋሽ ገብረዋህድን ፈለገ። በሰው ፊት ሲያፍሩ ልታይ ነው፤ ይህን ቀን ስትመኘው ኖራለች። እሳቸው ቀና አላሉም። ቀኝ እጃቸው ላይ ያለው ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ሻዩ ጭናቸው ላይ ይፈስ ነበር። መሬት አስቀመጡት። እጃቸው ባዶውንም አላረፈም፤ አውራ ጣታቸው ሌባ ጣታቸውን ክር እንደሚፈትል ሰው ያሻል። መርሃዊት ክው አለች። የአባቷም በሽታ እንዲሁ ነበር የጀመረው።

ጠጋ አለቻቸው።

«ብርድ ነው፤» አሉ። ዙሪያቸውን ቃኝተው፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጄ… ብርሃነ ይኸ ነገር ከጀመረው በኋላ ስንት ዓመት በእግሩ ሄደ?»

ያዘጋጀችውን ስድብ ተወችው። እንባዋ መጣ፤ ለማን እንደሆነ ግን አላወቀችም። አጠገባቸው ቁጭ አለችና፣ ሰው ሳያይባቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ስባ እጃቸው ላይ ጣል አደረገችው።