ወተትም ውሃ ነው

ሴትየዋ ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ፀጉሯን በሻሽ ሸብ አደረገች፤ ቦቲዋን አጠለቀች። ወጥ ቤት ገብታ በትልቁ ድስት ውሃ ጣደች። ለጥጆቹ ነው። ጥጃ በጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያቀርቡለት ቀመስ አድርጎ ይተወዋል፤ ለብ ካለ ግን ከወተቱ በኋላ ደስ ብሎት ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ጥጃ ዱቄት መኖውን ይበላል፤ መኖውን የለመደ ደግሞ ከወተት ቶሎ ይላቀቃል። ይህን ሥራ ከባሏ ጋር ስትሠራ ኖራ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ይዛዋለች። ከሥራዋ የተለየችው ዓይኗን ልትታከም ከተማ በሰነበተችባቸው ቀናት ብቻ ነው። ያኔም በረቱን ለዋርሳዋ፣ ለባሏ ታናሽ ወንድም፣ አደራ ብላ ነበር የሄደችው። ትናንት ስትመለስ መሽቶ ስለነበር ጥጆቹን አላየችም።

ውሃው ለብ ሲል በሁለት ባልዲ ቀድታ ወደ ጥጆቹ ቤት ሄደች።

ሌላ ጊዜ የቦቲዋን ኮቴ ሲሰሙ ቤቱን በእምቧታ ይሞሉት ነበር። ዛሬ ዝም ብለዋል። አንዱ ግድግዳ ይልሳል። ሌላው ጤዛ ያረፈበትን የጋጣ ብረት በምላሱ ይፈትጋል። በሩ አጠገብ ያለችው ድንቡሼ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ አፍንጫዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ድንቡሼን ስም ያወጣችላት አላቢዋ ናት፤ “ስትወለድ ሆዷ ቀድሟት ወጣ” ብላ። እናቷ፣ አሮጊቷ ላም፣ ባልየው ራሱ መርጦ፣ ራሱ አሳድጎ ለወተት ያደረሳት ነበረች። ላሚቱ ካሁን በኋላ እንደማትወልድ የከብት ሐኪሙ ተናግሯል። ከእሷ የቀረው ዘር ድንቡሼ ብቻ ናት። ሰው ስለ ጥጃዋ ሲጠይቃት ሴትየዋ “ጥሩ ወተት ይወጣታል” ትላለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም።

በየጋጣው ሁለት የባልዲ ማስቀመጫ ቀለበት አለ፤ አንዱ ለወተት፣ አንዱ ለውሃ። የውሃዎቹ ባዶ ናቸው።

“ባልዲዎቹ የታሉ?”

“እኔ የለሁበትም እትዬ” አለች ከኋላዋ የደረሰችው አላቢዋ። “ፕሮፌሰርን ይጠይቁ።”

ፕሮፌሰር ዋርሳዋ ነው። ከላም ጡት እስከ ጨረቃ አላውቅም የሚለው ነገር ስለሌለ የወጣለት ስም ነው። አፉን በመዳፉ እየጠረገ ብቅ አለ።

“እንኳን ደህና መጣሽ እትዬ! ዓይንሽ እንዴት ሆነ?”

“ያያል። ባልዲዎቹ የታሉ?”

“መጋዘን አስገባኋቸው። ተቅማጥ ጀምሯቸው ነበር፤ ውሃ ነዋ የሚያስቀምጣቸው! ጉዝጓዙንም አጨቅይተውት ነበር።”

“እና ምን ይጠጣሉ?”

“ወተት ይጠጡ የለ እንዴ? ወተትም እኮ ውሃ ነው።”

“እንግዲያው ያንተንም ምሳ ከዛሬ ጀምሮ በወተት እናወራርድልሃለን።”

አላቢዋ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች።

“ደግሞ ባዶውን አይደለም” አለ እሱ፣ ቅር ብሎት። “የማዕድን ዱቄት ገዝቼ ነው የሰጠኋቸው። ለተቅማጥ ፍቱን ነው። ከረጢቱ በውሃ በጥብጡ ይላል፤ እኔ በወተት ይሻላል ብዬ፣ ጠንከር አድርጌ…”

ከወተቱ ባልዲ የተረፈውን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ተፋችው።

“ጨው! ጨው እያጎረስክ ውሃ ከለከልካቸው?”

“ወንድሜ ራሱ ‘እርጥብ ጉዝጓዝ ጥጃ ይገድላል’ ይል አልነበር?”

ባሏ ይህን ይል ነበር። የሚለው ግን መንሹን ይዞ ጉዝጓዙን ሊቀይር ሲነሣ ነው።

“እሱ ያለውን ለእኔ አንተ አትነግረኝም” አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። አላቢዋ ያን ድምፅ ስለምታውቀው ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ቆሽቷ አርሮ ነበር። ባልዲውን አንሥታ ድንቡሼ ፊት ደቀነችው። ጥጃዋ እስከ ጆሮዋ ጠልቃ ገባችበት፤ ለመተንፈስ እንኳ ቀና አላለችም። ባልዲው ባዶ ሆነ። ሴትየዋ ሁለተኛውን አቀረበችላት።

“ለሐኪሙ ልደውል” አለ ፕሮፌሰር።

“ደውል! አንተ እንደሆንክ ከምላስህ ሌላ የሚሠራ አካል የለህም!”

ወጣ። ወዲያው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እየሮጠ ተመለሰ።

“እትዬ ቁሚ! ባንዴ አትስጧቸው ይላል! ጥቂት ጥቂት፣ እያረፉ!”

“እስከ ትናንት ምንም፣ ዛሬ ጥቂት! ነገ ደግሞ በማንኪያ ትለኛለህ!”

“እኔ እኮ አይደለሁም፣ ሐኪሙ ነው! እንኪ፣ ራስሽ አነጋግሪው!”

እጁን መታችው። ስልኩ ገለባው ላይ ወደቀ። ከገለባው ውስጥ የሐኪሙ ድምፅ ቀጥኖ ይሰማ ነበር። ጎንበስ ብላ ብታነሣው ኖሮ የሚለውን ትሰማ ነበር። አላነሣችውም። ከዚያ ሰው አፍ የወጣ ነገር ሁሉ በዚያች ሰዓት ለእሷ ውሸት ነበር። ድንቡሼ ሁለተኛውን ጨርሳ ባልዲውን በግንባሯ ስትገፋ፣ ሴትየዋ ከቧንቧው ሌላ ሞልታ አመጣችላት።

“ለሌሎቹም ቅጂ እንጂ! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?” አለቻት አላቢዋን።

አላቢዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰውየውን አየች። ማንን እንደምትሰማ ጨነቃት። በጆግ ቀድታ ለእያንዳንዱ ጥጃ እፍኝ የምታህል እያቀመሰች አለፈች።

የመጨረሻው ጋጣ ሳትደርስ ድንቡሼ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች። የኋላ እግሮቿ ከዷት። አንገቷ ወደ ጀርባዋ ተቆለመመ፤ በጎኗ ወድቃ አየሩን በእግሯ ትቀዝፍ ጀመር። ሴትየዋ ተንበርክካ ራሷን ያዘችላት። “ተነሽ፣ ተነሽ እናቴ” ትላታለች፣ በቁጣ፣ ጥጃዋ ሆን ብላ የተኛች ይመስል።

ሐኪሙ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። መርፌ ወጋት። ድንቡሼ ትንሽ ጸጥ አለች፤ ከዚያ ለዘለቄታው ጸጥ አለች።

“ጨው ያደረቀው አንጎል ውሃ በብዛት ሲደርስበት ያብጣል” አለ ሐኪሙ፣ መርፌውን ከሲሪንጁ እየነቀለ።

“ጥቂት ጥቂት ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር?”

ሐኪሙ ቦርሳውን ዘጋ። “ሌሎቹ የሚተርፉ ይመስለኛል” አለ። “ዱቄቱ ይቅር። ውሃውን በጆግ፣ እያሳረፋችሁ፣ ቀኑን ሙሉ።”

ፕሮፌሰር በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። “ነግሬሽ አልነበር?” እስኪል ጠበቀችው። ቢል ልትዘነጥለው ተዘጋጅታለች። አላለም።

“ምን ይዘጋሃል? ዛሬ ነው ዝምታ የተማርከው?”

“ምን ልበል እትዬ? ባልዲውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።”

ይህም አናደዳት። ቢከራከራት ይቀላት ነበር። “ውጣልኝ!” አለችው። “ከረጢትህንም ይዘህ ውጣ!” ከረጢቱን ታቅፎ ወጣ፤ ንዴቷ ግን አብሮት አልወጣም። ባልዲዎቹን ከመጋዘን አውጥታ አጠበች። አላቢዋ “እኔ ላጥባቸው እትዬ” ብትላትም አልመለሰችላትም። እያንዳንዱን ወደየቀለበቱ ስትመልስ ብረቱ እስኪጮህ ድረስ ትመታው ነበር። በጆጉ ስታጠጣ ግን እጇ ለዘብ ይላል። ቀና ያለው ጥጃ ይበልጥ ሲለምናት “ቆይ፣ ቆይ” ትለዋለች።

ማታ አሮጊቷ ላም ታለበች። ወተቷ እንደ ወትሮው ነው። ድንቡሼ የለችም።