የቸኮለው እግር

እግር ሠሪው ደንበኛው ሲራመድ አያይም፤ ይሰማል። ሰውየው አዲሱን እግር አጥልቆ በሁለቱ የመደገፊያ ብረቶች መሐል ሲመላለስ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። «ዓይን ያዝናል፤ ያዘነ ዓይን ደግሞ ይዋሻል። ኮቴ ግን ይሉኝታ የለውም» ይላል። ከሁለቱ ኮቴዎች የእሱ ሥራ የቱ እንደሆነ ሳይለይ የቀረበት ቀን አልነበረም። በዚህም ይኮራ ነበር፤ ነገሩ ሲያስቡት እምብዛም የሚያኮራ ባይሆንም።

ያን ሳምንት በብረቶቹ መሐል የቆመችው ታላቅ እህቱ ነበረች። የፊዚክስ መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት መኪና ገጭቷት ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆርጧል። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህን እግር ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

ተማሪዎቿ «ፔንዱለም» ይሏታል። ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ካልተመላለሰች ትምህርቱ ከአፏ አይወጣም። ርእሰ መምህሩ አዝኖላት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብላ የምትሠራበት ቦታ አዘጋጅቶላታል፤ መልሷን የሚጠብቀው ሰኞ ትምህርት ሲከፈት ነው።

«ካነከስኩ እቀበለዋለሁ» አለችው ለወንድሟ። «ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። ያንን የሚያነክስ ምስኪን ዘበኛ በእርምጃው ልክ ዴስክ እየመቱ ነው የሚያጅቡት። እያነከስኩ ፊታቸው ቆሜ ስለ እንቅስቃሴ ላስተምር? አልችልም።»

«አታነክሺም፣ እትዬ። ላባ ነው የምሠራልሽ።»

አፍ ዳገት አይፈራም። እሱ ግን ቃሉን ጠበቀ። የቅልጥሙን ቱቦ ካገኘው ሁሉ ከቀለለው ብረት ቆረጠው፤ ቁርጭምጭሚቱንና መርገጫውን ከውስጥ ቦረቦረው። ሲጨርስ እግሩ እንደ ባዶ ጀሪካን በአንድ ጣት የሚነሳ ሆነ።

አጠለቀችውና ሄደች። እሱ ፊቱን አዞረ። የግራው ኮቴ ረጋ ብሎ ይመጣል። የቀኙ ግን ተስፈንጥሮ ቀድሞ ይደርስና ጉልበቱ ቀጭ ብሎ ባለቤቱን ይጠብቃል።

«ይቸኩላል» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ያዝ አድርግልኝ።»

የጉልበቱን ብሎን አጠበቀው። አሁን ደግሞ እግሩ መሐል መንገድ ላይ ለገመ፤ ጣቱ ሲሚንቶውን ጫረና ብረቱን ባትይዝ ኖሮ በአፍ ጢሟ ተደፍታ ነበር። አላላው፤ ቸኮለ። አጠበቀው፤ ለገመ። ሐሙስ በዚህ አለፈ፤ አርብም ሊያልፍ ሆነ።

«ተወው፣ ወንድሜ» አለችና ረጅሙ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። «መጽሐፍ መደርደርም ሥራ ነው።»

ሌላውን ሰው «ትለምደዋለህ» ብሎ ያጽናናው ነበር፤ እሷን ግን እንዴት አድርጎ ይዋሻት? አፍሮ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

እሷ ሁለቱን እግሮቿን ከጠረጴዛው አንጠልጥላ ሳታስበው ታወዛውዛለች። ድንገት ቆም አለችና ሁለቱንም ወደ ኋላ ስባ እኩል ለቀቀቻቸው። የራሷ ዘና ብሎ ሄዶ መጣ። የእሱ ሥራ እዚያው እዚያው ይጣደፋል።

«እዚህ ውስጥ ምን አደረግክ?»

«ቦረቦርኩት። እንዲቀልሽ ብዬ።»

«የቱን?»

«ታችኛውን። መርገጫውን፣ ቁርጭምጭሚቱን።»

ሲባጎ አምጣ አለችው። የቤቷን ቁልፍ ጫፉ ላይ አሰረችና ለቀቀችው፤ ቀስ ብሎ ሄዶ ቀስ ብሎ መጣ። ቁልፉን ወደ ላይ ስባ መሐሉ ላይ አሰረችውና ደግማ ለቀቀችው፤ ተቻኮለ።

«ቁልፉ ያው ነው፤ አልቀለለም፣ አልከበደም» አለች፤ ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የገባች ያህል ሆኗል። «የተለወጠው ቦታው ነው። አንተ ከታች ያለውን ክብደት አወጣህ፤ የቀረው ሁሉ ወደ ጉልበቴ ተጠጋ። አጭር ዥዋዥዌ ደግሞ ይፈጥናል። ክብደቱን ታች መልስልኝ።»

«ይከብድሻል እኮ።»

«ይክበደኝ።»

«ቀኑን ሙሉ ልትሸከሚው ነው፣ እትዬ።»

«አንተን አዝዬ ስንት ዳገት ወጥቻለሁ። ከበደኝ ብዬ አስቀምጬህ አውቃለሁ?»

እግር ሠሪው ጎንበስ አለ። እግሩን ያቀለለው ለእሷ ብሎ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባው፤ ማቅለል የፈለገው የራሱን ሐዘን ነበር። ከባድ የእርሳስ ብረት ቁራጮች አወጣና በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ አንድ በአንድ እየጨመረ ያጠልቅላት፣ እየፈታ ይጨምርላት ጀመር። ሲመሽ የቀኙ ኮቴ ከግራው ጋር ሊታረቅ ተቃርቦ ነበር። ግን ጥቂት ይቀረዋል፤ እሱ ሰምቶታል።

«ደህና ነው» አላት፣ ሌላ ክብደት ሊጭንባት ሳስቶ።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አለችና የመጨረሻዋን ቁራጭ ራሷ ጨመረች።

ሰኞ ሥራውን ጥሎ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ከክፍሏ ውጭ፣ ፊቱን እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ድምፅዋ ይሰማል፣ ጠመኔው ይሰማል፣ ኮቴዋ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። ከኋላ አንዱ ዴስክ መታ። ሌላው ተከተለው። ምቱ በእርምጃዋ ልክ ወረደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ የሚያሾፉበት ጉድለት ግን ጠፋ።

«ጎበዝ» አለች መራመዷን ሳታቆም። «እኩል ጊዜ ማለት ይኼ ነው። ጻፉ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ዴስኩም ዝም አለ። ኮቴው ብቻ ቀጠለ። እግር ሠሪው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ይኼኛው ነው? ወይስ ያኛው? እንደገና አዳመጠ። መስኮቱ አጠገቡ ነበር፤ ዞር ብሎ ቢያይ ይለየው ነበር። አልዞረም።