የሽንኩርት ልጣጩ እንክብል

ዶክተር ምላጭ ፀጉር አስተካካይ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ጢም እየላጨ ሕክምና ስለሚሰብክ። ስብከቱ ደግሞ አንድ ነው፦ ከሽንኩርት ልጣጭ የሚወጣ፣ ፍላቮኖይድ የሚሉት ዱቄት ያለበት እንክብል። «ያ ሁሉ ደም ግፊቴ አደብ የገዛው በዚህ ነው» ይላል፣ ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ እያንቋቋ። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይከራከራል?

እውነቱን የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ብቻ ነበረች። ሐኪም ያዘዘለትን የግፊት ኪኒን «መርዝ ነው» ብሎ አሻፈረኝ ሲል ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ተኳረፉ። ሰውየው እንደሆነ አንዴ እንቢ ካለ እንቢ ነው። በመጨረሻ ብልሃት ዘየደች። አዲስ ብልቃጥ ባመጣ ቁጥር፣ እሱ ሥራ ሲሄድ ስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ እንክብሎቹን ትከፍታለች። ዱቄቱን ደፍታ ትንሿን ነጭ ኪኒን ትከትና መልሳ ትገጥማለች። መርፌ ለለመደ ጣት ይህ ምን ይከብደዋል። ግፊቱ ወረደ፣ እሱም ፎከረ። እሷ በሆዷ ሳቀች፤ ምን ታድርግ፣ ባሏን አትርፋለች።

ዛሬ ጠዋት የወንድሟ ሚስት ደወለች። ወንድም ጋሼ ወድቋል።

ሆስፒታል ስትደርስ፣ አባት ሆኖ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ አፉ ተጣሞ ተኝቷል። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ መናገርም አይችልም። ግራ እጁን ያዘችው፤ እሱም ጭምቅ አድርጎ ያዛት። ባሏ ከኋላዋ ቆሟል።

«የግፊት መድኃኒቱን ይወስድ ነበር?» አለች ሐኪሟ።

የወንድሟ ሚስት ዶክተር ምላጭን አየችው። «ትቶታል። እሱ ዘንድ ጢሙን ተላጭቶ መጣና ኪኒኑን ቆሻሻ ውስጥ ደፋው። ከዚያ ወዲህ የሚወስደው ይኼን ነው።» ከቦርሳዋ ብልቃጥ አወጣች። ያው ነው።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማውን ስብከት ወንድሟ አይሰማም ብላ ነበር? በየሳምንቱ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጥ የለ እንዴ። ይህ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልታያትም?

«ጥቅም ሊኖረው ይችላል» አለች ሐኪሟ። «መድኃኒቱን ግን አይተካም።»

«እኔንስ ያዳነኝ ምንድን ነው?» ባልየው ቱግ አለ። የራሱን ብልቃጥ ከኪሱ መዥረጥ አደረገ። «የእሱ አስመስለው የሠሩት ይሆናል። ከኔ ስጡት፤ የኔ ይሠራል።»

«ክፈተው» አለችው ሚስቱ።

«ብልቃጡን?»

«እንክብሉን።»

ግራ ገብቶት ከፈተው። መዳፉ ላይ ትንሽ ነጭ ኪኒን ዱብ አለች። ሚስቱን አየ፣ ኪኒኗን አየ፣ እንደገና ሚስቱን አየ።

«እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለች፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እንቢ ስትለኝ ጊዜ፣ እንድትኖርልኝ ብዬ። ሌላ ሰው ያምንሃል ብዬ አላሰብኩም።»

ወንድም ጋሼ መናገር ቢያቅተውም ጆሮው ደህና ነው። ደህናውን እጁን ከእጇ ውስጥ ቀስ አድርጎ አወጣ።