በፎጣ ሥር የተቆረጠ ስኳር

በሃርጌሳ የግመል ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሁለት ደላሎች በአንድ ፎጣ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጣት እየጨበጡና እየለቀቁ ይከራከራሉ። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ የሚያየው የሚንቀሳቀስ ጨርቅ ብቻ ነው። እኔና ደላላው ጓደኛዬ ጉሌድ እንዲህ ስንነጋገር ጺማችን ሸብቶ በሂና ቀልቷል። እጁን እንደ ራሴ እጅ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጣቶቹን ጉልበት እንደከዳቸው ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ።

ከማንም በፊት ስል፣ ከሚስቱ ከዳሃቦ ቀጥሎ ማለቴ ነው።

ጉሌድ ማታ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀምሮ ነበር። ቀን ደግሞ ሆዱን በሽርጡ ላይ አሳርፎ ግመሎቹ መሀል ያንቀላፋል። ዳሃቦ ይህን ሁሉ ደምራ ያገኘችው መልስ አንድ ነው፦ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል። አንድ ጠዋት ገበያ ድረስ መጥታ ያዘችኝ።

"አዋሌ፣ የሴትዮዋ ቤት የት ነው?"

"የቷ ሴትዮ?"

"አታሹፍብኝ! አንተ የማታውቀው የሱ ነገር አለ? እስከ ጁምዓ ካልነገርከኝ ጓዜን ጠቅልዬ ቡርዖ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ የጓደኛህን ልብስ አንተ ታጥብለታለህ።"

ለጉሌድ ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል መንገድ ላይ ቀረ።

"አንዷንም አልቻልኩ፣ እንኳን ሁለተኛ!" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አትነግራትም?"

"ምን ብዬ? ወንድ ልጅ ይህን በአፉ ይናገራል?"

ለካ ከመድኃኒት ቤት የወንድነት መርፌ ገዝቶ በድብቅ ሊወጋ አስቧል። "ግመል እንኳ ጥርሷ ሳይታይ አትገዛም" አልኩት። "መጀመሪያ ያንተን ጥርስ ሐኪም ይየው።" እያጉረመረመም ቢሆን ሄዶ ለምርመራ ደም ሰጠ።

ሐሙስ ዕለት ለውጤቱ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ኢዲል የምትባል ቀጭን ወጣት ናት። ወረቀቱን ስታገላብጥ ቆየችና መጠየቅ ጀመረች።

"አጎቴ፣ ሻይዎ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር ያደርጋሉ?"

"አንድ።"

"ሐልዋና ሌላ ጣፋጭስ ይበላሉ?"

"ለዒድ፣ ለዒድ።"

"በእግርዎ ይሄዳሉ?"

"ቀኑን ሙሉ!"

እኔ ወለሉን አየሁ። ዕድሜ ልኩን የደለለ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር እውነቱን ተናግሮ አያውቅም። እሱ ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፣ ሌላው ከፍ ያደርጋል፣ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ልጅቷ ግን መከራከር አላወቀችም፤ የነገራትን እንዳለ ጻፈችው።

"እንግዲህ እንዲህ ተጠንቅቀው እየኖሩ ከሆነ የሚቀነስ ነገር የለም" አለች ግንባሯን አሸት አድርጋ። "ምናልባት በቀጥታ ወደ ክኒንና መርፌ . . ."

"መርፌ" የሚለውን ሲሰማ የጉሌድ ፊት በራ። በሩ ተበርግዶ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ዳሃቦ ከገበያ ጀምራ ስትከተለን ኖሯል።

"ይቺ ናት? አታፍርም? የልጅ ልጅህን የምታህል!"

"አክስቴ፣ እኔ ሐኪም ነኝ" አለች ልጅቷ።

ዳሃቦ ነጩን ካፖርት አየች፣ ከዚያ ባሏን። ድምፅዋ ወረደ። "ታመሃል እንዴ?"

ጉሌድ ጣሪያውን አየ። "እኔ አልችልም፤ አንቺ ንገሪያት" አለ ለሐኪሟ።

ነገረቻት። የወንድ ሆርሞኑ ዝቅ ብሏል፤ ስኳሩም በሽታ ከሚባልበት ድንበር ደርሷል። በዕድሜ የገፋ ወንድ ሆርሞኑ ሲያንስ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሆድ ሲገፋ ደግሞ ሆርሞኑ ይብሱን ይወርዳል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ድካሙም ከዚያው ሊሆን ይችላል።

"ወደ ግድግዳ መዞሩስ?" አለች ዳሃቦ።

"እሱም" አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ።

ዳሃቦ ቀስ ብላ ወንበር ሳበች። "እኔ ለዚህ ሆድ ነዋ ሳለቅስ የከረምኩት!" አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። "ስኳሩን ስንት አለሽ?"

"አንድ ማንኪያ።"

"አንድ! አምስት ነው! እሱም ቤት የሚጠጣውን ብቻ ቆጥሬ። ሐልዋውን ከዚህ ከአዋሌ ጋር ተደብቀው ነው የሚበሉት። በእግሩ የሚሄደው ደግሞ ከመኪናው እስከ ፍራሹ ነው።"

እኔ እንደገና ወለሉን አየሁ። ሐኪሟ የጻፈችውን ሰርዛ ፈገግ አለች።

"ይሄማ ደስ ይላል።"

"ምኑ ነው ደስ የሚለው?" አለ ጉሌድ ተቆጥቶ።

"የሚቀነስ ነገር አለዋ! ሆድዎ ከቀነሰ ስኳሩ ሊወርድ፣ ሆርሞኑም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። መርፌ ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ብዙ ምርመራ ይቀድመዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ለክተን እናየዋለን። እስከዚያ በራስዎ ገዝተው እንዳይወጉ።"

ስንወጣ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥን። ዳሃቦ ፎጣውን ከጉሌድ ትከሻ ላይ ሳበችና በእሱና በራሷ እጅ ላይ ጣለችው። አባቷ ደላላ ነበር፤ ጣት ታውቃለች።

ጨርቁ ተንቀሳቀሰ። ጉሌድ ጥሩ ግመል በርካሽ እንደሚያስረክብ ሰው ፊቱን አጨማደደ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አላህን ጠራ። እሷ መንገድ መንገዱን ታያለች። በመጨረሻ ተነፈሰ።

"እሺ" አለ።

እንደ ወጉ፣ ስንት ማንኪያ ላይ ዋጋ እንደቆረጡ አልጠየቅሁም። ሻዩ መጣ፤ ጉሌድ አንድ ጊዜ ፉት አለና መራራ መድኃኒት የዋጠ መሰለ። ዳሃቦ እየተንፈቀፈቀች ሳቀች።

"ቡርዖስ?" አልኳት።

"ማን ጓዝ ይሸከማል? የኔ ሰውዬ ከዛሬ ጀምሮ እግረኛ ነው።"

የመኪናውን ቁልፍ ለእኔ ሰጥተው ወደ ቤታቸው በእግር መንገድ ጀመሩ። ክርክሩ ካለቀ ቆይቷል፤ እጃቸው ግን ከፎጣው ሥር ገና አልወጣም ነበር።