ሀምዳን ያልሰማው እሺታ

ሳጂዳ ሐይቅ ከተማ ገበያው ዳር ባለች ሱቋ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች። ሀምዳን ባጃጅ ነጂ ነው። ጨርቅ ልታመጣም ሆነ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ በወጣች ቁጥር የሱ ባጃጅ በሯ ላይ ቆማ ትገኛለች። ይሁን እንጂ ሁለቱ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

አንድ ቀን ጠዋት ሳጂዳ የሙሽራ ቀሚስ ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር ስትወርድ፣ ከሽንኩርት ማሳ አንድ ወይፈን ዘሎ መንገዱ ላይ ገባ። ሀምዳን መሪውን ሲጠመዝዝ ባጃጇ ተንገዳግዳ ማሳው ውስጥ ተጋደመች። ሳጂዳ ቀሚሱን እንዳቀፈች ሽንኩርቱ ላይ ዱብ አለች፤ ጭረት እንኳ አልነካትም። የሱ ትከሻ ግን ወለቀ።

ጤና ጣቢያ የተቀበለቻቸው እድላዊት የምትባል ጤና መኮንን ነበረች። "ትከሻውን ስመልሰው እንዳያመው የሚያፈዝ መርፌ እወጋዋለሁ፤ አንቺ ራስጌው ቁሚና አጫውቺው፣" አለቻት።

መርፌው ገባ። ሀምዳን ዐይኑን እያንከባለለ ሳጂዳን አየና ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆነ።

"ሳጂዳ፣ ወላሂ እኔ በርሽ ላይ የምመላለሰው ተሳፋሪ ፍለጋ አይደለም። ባዶዬን ነው የምዞረው! ሰው ሲያስቆመኝ ተይዟል እላለሁ!"

ውጭ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ሕመማቸውን ረስተው ጆሯቸውን አቆሙ።

"ዝም በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ!" አለና በአምባሰል ዜማ ስሟን እየጠራ ያንጎራጉር ጀመር። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ዜማውም መሃል ላይ ወደ ባቲ አመለጠው። ትከሻው ቀጭ ብሎ ቦታው ሲገባ እንኳ አላቋረጠም። ከዚያ ድንገት ዝም አለና "ታገቢኛለሽ?" አላት።

የሳጂዳ ልብ ከደረቷ ሊወጣ ደረሰ። አፏ ግን አልከዳትም። "እሺ!" አለች፤ ያውም ጮክ ብላ። ተራ ጠባቂዎቹ እልል አሉ። በእልልታው መሃል ሀምዳንን እንቅልፍ ጣለው።

ሲነቃ መጀመሪያ ያለው "ባጃጄስ?" ነው። የወይፈኑን የተሰበረ ቀንድ፣ የሽንኩርቱን ሽታ፣ ሳጂዳ ስትወድቅ "ቀሚሱን!" ብላ መጮኋን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተረከላቸው። መርፌው ሲወጋውም ያስታውሳል። ከዚያ ወዲያ ግን ምንም። "ምን ያስቃችኋል?" እያለ ሰዉን ያያል።

ሳጂዳ እድላዊትን ወደ ጓሮ ጎተተቻት። "ረሳው እኮ!"

"አልረሳውም፤ ቀድሞውንም አልያዘውም፣" አለች እድላዊት ሳቋን እየታገለች። "መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ሳለ ሰው ያወራል፣ ይመልሳል፤ አንጎሉ ግን አዲስ ነገር አያስቀምጥም። ወይፈኑ ከመርፌው በፊት ነው የመጣው። ደግሞ ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፤ ያኔ አንጎል ያየውን አጥብቆ ይይዛል።"

"እኔስ ታዲያ? ጣሪያው ላይ ያለው የሸረሪት ድር እንኳ ዐይኔ ላይ አለ!"

"አንቺማ ከሱ ብሰሽ ደንግጠሻል። በቀላሉ አይለቅሽም።"

"በይ እኔንም ውጊኝ!"

"ያለፈውን አይፍቅልሽም፣ እህቴ።"

ሁለቱም ተደጋግፈው ሳቁ። ከዚያ ሳጂዳ አንድ ሐሳብ መጣባትና ቆም አለች። "ያለው ግን እውነት ነው?"

"እሱን መርፌው አይነግርሽም። አንዱ እንዲሁ ፈዞ የሌለውን ግመል ሰጥቶኛል። ራሱን ጠይቂው።"

መጠየቅ ግን ከየት ይምጣ! ሳጂዳ በሐሳብ ጭልጥ ብላ እጅጌን አንገት ላይ ሰፋች። የባጃጅ ተራ አስከባሪዎቹ ደግሞ ሀምዳንን ባዩት ቁጥር "አብሽር ሙሽራው!" ይላሉ። በመጨረሻ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ራሱ መጣ።

"ሳጂዳ፣ አገሩ ሁሉ ሙሽራው ይለኛል። ምን አድርጌ ነው?"

ሳጂዳ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች። "እንዳገባህ ጠየቅኸኝ።"

ሀምዳን የጨርቅ ክምር ላይ ዘፍ አለ። "ያ ረቢ! አንቺስ?"

"እሺ አልኩህ።"

ደስ ይለዋል ብላ ስትጠብቅ ጭራሽ ተቆጣ። "እሺ አልሽ? እኔ በሌለሁበት?"

"ነበርክ እኮ! እየዘፈንክ!"

"ዘፈንኩ?!"

ሳጂዳ መኪናዋ ላይ ተደፍታ በሳቅ ፈረሰች።

"ስንት ጊዜ ያሰብኩትን ነገር፣" አለ ሀምዳን ራሱን ይዞ፣ "በሽተኛ ሁሉ ሲሰማው እኔ ብቻ ሳልሰማው!"

ሳጂዳ ቀና አለች። "አስበኸው ነበር?"

"ከዓረፋ ጀምሮ ንግግሩን እያጠናሁት ነው!"

"እንግዲያው በለዋ።"

ሀምዳን ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ከፈተ። አንድም ቃል አልመጣለትም። "ጠፋኝ፣" አለ ግንባሩን ላብ አጥምቆት። "ሁሉም ጠፋኝ።" ሳጂዳ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀችው። በስተመጨረሻ በቀጭን ድምፅ "ታገቢኛለሽ?" አላት።

"እሺ። አሁን ሰማህ?"

"ድገሚልኝ።"

"እሺ! በል አሁን ሽማግሌ ላክ።"

አጎቱ ሸህ ሙሐዲን ወደ ሳጂዳ እናት ወደ ወይዘሮ ራዚያ ቤት ሄዱ። ጉዳዩን ከሩቅ ሊጀምሩት ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው። ወይዘሮ ራዚያ አላስጨረሷቸውም።

"ሸህ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ለጉንፋኔ ተራ ይዤ እዚያው በሩ ላይ ነበርኩ፤ ልጄ እንዳታፍር ብዬ ሹልክ አልኩ እንጂ። ምነው ይህን ያህል ዘገያችሁ?"

ውጭ ግድግዳው ጋ ተለጥፎ የነበረው ሀምዳን ይህን ሲሰማ፣ ወጉ እንደማይፈቅድ እያወቀ በሩን ገፍቶ ገባ። "እርስዎም ሰምተው ነበር?!"