የመድፈኛው ይግባኝ

ልብስ ሰፊዋ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ መቆሚያ አጥታለች። ከይግባኝ ሰሚው ቦርድ በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ፋይሉን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ባሏ፣ ድሮ በጦሩ ውስጥ መድፈኛ የነበረው ሰውዬ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ወገቡ አግዳሚ አይወድም።

«ዛሬም ደህና ነኝ ብትል ውርድ ከራሴ!» አለችው።

«እሺ አልኩሽ እኮ። ስንቴ ልማልልሽ?»

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያችው ቃል ነው። ጦር ሜዳ ሳለ መድፉ ተተኩሶ ወደ ኋላ ሲመለስ ወገቡን መትቶት ነበር። ከጦሩ ሲሰናበት ሐኪሙ «የሚያምህ አለ?» ብሎ ጠየቀው። አመመኝ ያለ ለምርመራ አንድ ወር ይቆያል፤ ደህና ነኝ ያለ በማግስቱ መኪና ይሳፈራል። እሱ ሆዬ ከጓደኞቹ ላለመለየት «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ፈረመ። ያቺ ፊርማ የጉዳት አበሉን ሁለት ጊዜ አስከልክላዋለች። ዛሬ ሦስተኛው ነው፤ ከዚህ በኋላ ይግባኝ የለም።

ተጠሩ። የቦርዱ ሰብሳቢ የድሮ መኮንን ነው፤ አቀማመጡ ያስታውቃል። ባሏ ገና እንዳየው ተረከዙን ገጥሞ ቀጥ አለ።

«ወገብህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ ጌታዬ!»

የፈራችው ደረሰ። ሳምንት ሙሉ ያስጠናችው ሁሉ መኮንን ሲያይ ብን ብሎ ጠፋ። ልትጮህ ቃጣት፤ ግን ሳትጠየቅ እንዳትናገር ተነግሯታል። ጸሐፊዋ የተባለውን ጻፈችና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብላ እስክሪብቶ ሰጠችው።

እስክሪብቶው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቤታቸው ከእጁ የወደቀውን ሁሉ ያነሳችው እሷ ናት፤ ሳሙናውን፣ ቁልፉን፣ ምኑን። ሰው እንዳያውቅበት ከእሱ ቀድማ ማጎንበስ ለምዳለች። አንድ እርምጃ እንደሄደች ግን ነገሩ ብልጭ አለላት። ተመልሳ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ስር ቀበረች።

ባሏ ጠበቃት። አልመጣችም። ጠረጴዛውን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ እዚያው ቀረ። መውረድም መነሳትም አቃተው፣ ላቡ ተንጠባጠበ። እንዲህ መጨከን እንደምትችል እስከዛሬ አታውቅም ነበር፤ ራሷን ጠላች።

«አንቺ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «አንሺልኝ።»

በትዳራቸው አንድም ቀን አንሺልኝ ብሏት አያውቅም። እሷ ግን እንባዋ እየወረደ ንቅንቅ አላለችም።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ያን ወረቀት ቅደጂው» አላት ጸሐፊዋን። «አሁን ያየነውን ጻፊ።»

ያን ጊዜ ሮጣ በብብቱ ስር ገብታ ደገፈችው። ቀስ ብሎ ቀና እያለ ጆሮዋ ስር፣

«ምነው ዘገየሽብኝ?» አላት።